ዱፕሌክስ ስቴንለስ ዛገ? መጀመሪያ ላዩን እዩት

አዳማ ውስጥ በዱፕሌክስ (ሁለት ዓይነት የብረት መዋቅር ባለው ስቴንለስ) ታንከር ሠርታችሁ ዝገት ብቅ ካለ፣ ሻጩን ከመጥራታችሁ በፊት ላሜራው ወርክሾፕ ውስጥ ምን እንደደረሰበት አስቡ። ስቴንለስን ከዝገት የሚጠብቀው በናኖሜትር የሚለካ፣ ክሮሚየም የበዛበት ስስ ሽፋን ነው። እሱ ከተበላሸ ውድ ላሜራም ይዝጋል። በቀላሉ እንዲታጠፉ የተሠሩት ዱፕሌክሶችም ያው ናቸው።

ማግኔት ያዘው?
«ፎርጅድ ነው» ብላችሁ አትመልሱት። ዱፕሌክስ ግማሹ ገደማ ፌራይት (ማግኔት የሚስበው የብረት መዋቅር) ስለሆነ ማግኔት ይስበዋል። ይልቅ የፋብሪካውን ሰርተፍኬት ጠይቁ።

በብየዳው ግራና ቀኝ ዛገ?
ብዙው ጣጣ እዚህ ነው። ጠጋ ብላችሁ ስታዩ ቢጫ፣ ቡናማና ሰማያዊ መስመር አለ። ሙቀቱ ያመጣው ኦክሳይድ ነው፤ ከሥሩ ደግሞ ክሮሚየም የጎደለው ንብርብር ተኝቷል። በብሩሽ ብቻ ብትፈትጉት ያበራል እንጂ ያ ንብርብር አይነሳም። በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት፣ ከዚያ የፒክሊንግ ፓስታ (ያን ንብርብር የሚያነሳ የአሲድ ቅባት) ቀቡት፣ በብዙ ውሃ እጠቡት። ዱፕሌክስ ከተለመደው 304 ስቴንለስ የበለጠ ጊዜ ስለሚፈልግ በ304 ልማድ ቶሎ አትጠቡት። በአዳማ ፀሐይ ፓስታው ሳይሠራ ይደርቃል፤ ጥላ ውስጥ፣ አየር ባለበት ሥሩ።

ፓስታው ናይትሪክና ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ነው። ሁለተኛው ቀልድ አያውቅም፤ ሕመሙ ዘግይቶ ሊሰማ ይችላል፣ ጉዳቱ ግን አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ጓንት፣ የፊት መከላከያና የካልሲየም ግሉኮኔት ጄል ሳይኖር ክዳኑን አትክፈቱ። ከነካችሁ ወዲያው በውሃ ታጥባችሁ ጄሉን ቀቡና ሐኪም ቤት ሂዱ። እጣቢውን አሲዱ በኖራ ሳይሰበር ቦይ ውስጥ አትልቀቁት።

በእጥፋቱ ላይ የዝገት መስመር ወጣ?
ማጠፊያው ቀድሞ ጥቁር ላሜራ (ተራ ብረት) ታጥፎበት ይሆናል፤ የብረት ብናኙ ተላልፏል። የተራ ብረት ሽቦ ብሩሽም ያው ነው። ማጠፊያውን ጥረጉ፣ የላሜራውን መከላከያ ፕላስቲክ ሥራው እስኪያልቅ አትላጡ። የተበከለውን በናይትሪክ ወይም በሲትሪክ አሲድ አጽዱ። ከዚያ አርጥባችሁ አሳድሩት፤ ቡናማ ነጥብ ከታየ የብረት ብናኙ አልለቀቀም።

ግራይንደር ያረፈበት ተበሳሳ?
ሻካራ ዲስክ የተወው ጭረት ጨውና ቆሻሻ ይይዛል። ደረጃ በደረጃ ወደ ደቃቁ ብርጭቆ ወረቀት ውረዱ።

ደንበኛው በበረኪና ያጥበዋል?
ክሎሪኑ ሽፋኑን ይበሳል። በሳሙና ይጠብ። በረኪና ግድ ከሆነ አቅጥኖ፣ ሳያቆይ፣ ወዲያው በንጹህ ውሃ ያለቅልቀው።