የወጣት ማዕከል ሠራተኞች የቤት ውስጥ ጥቃትን እንዲለዩና በአግባቡ እንዲያግዙ እንዴት ይሠለጥናሉ? (ለጎጃም ወረዳዎች)

በደብረ ማርቆስ፣ በቢቸና፣ በሞጣ ወይም በፍኖተ ሰላም የወጣት ማዕከል የሚሠራ ሰው፣ የሥርዓተ ፆታ ክበብ የሚያስተባብር መምህር፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ኃላፊ፣ የእግር ኳስ አሠልጣኝ ቤት ውስጥ የሚደርስን ጥቃት ብዙ ጊዜ ከፖሊስም ከሐኪምም ቀድመው ያዩታል። ካዩ በኋላ ግን አብዛኛዎቹ ከሁለት አንዱን ያደርጋሉ። ወይ «የሰው ገበና ነው» ብለው ያልፋሉ፣ ወይ በቅን ልቦና አባትየውን ጠርተው ይመክራሉ። ሁለተኛው ይብሳል፤ ልጅቱ ማታ ቤት ስትገባ «ለማን ነው የነገርሽው?» የሚል ዱላ ይጠብቃታል። ስለዚህ ሥልጠናው መርማሪም አስታራቂም አያወጣም። የሚያወጣው በትክክል የሚሰማ፣ ነገር የማያባብስና ለሚመለከተው አካል በሰላም የሚያደርስ ሰው ነው።

መጀመሪያ መድረሻውን ፈትሹ

ምልክት መለየትን አስተምሮ የት እንደሚላክ አለማሳወቅ ተጎጂውንም ሠራተኛውንም ሜዳ ላይ መጣል ነው። ሥልጠናው ሁለት ሳምንት ሲቀረው በአካል ሂዱ፦ ወደ ጤና ጣቢያው ወይም ሆስፒታሉ፣ ወደ ወረዳው ሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት፣ ወደ ፖሊስ፣ ወደ ዐቃቤ ሕግ፣ ወደ ቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ። በየቦታው ጉዳዩን የሚቀበለው ሰው ማን እንደሆነ፣ እሱ ከሌለ ማን እንደሚተካው፣ ማታና ቅዳሜ እሑድ ምን እንደሚደረግ፣ ተጎጂዋ ለብቻዋ የምትናገርበት ክፍል መኖሩን ጠይቁ። ጤና ጣቢያው ላይ ደግሞ ከመደፈር በኋላ የሚሰጠው የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒትና የድንገተኛ የእርግዝና መከላከያው ዛሬ በእጅ አለ ወይ በሉ። «ይመጣል» ከተባለ የለም ብላችሁ ጻፉና ያለበትን ቅርብ ቦታ አጣሩ።

መልሱን በአንድ ገጽ አስፍሩ። የያንዳንዱን ስልክ ቁጥር ደውላችሁ ሞክሩ፤ ወረዳ ላይ ባለሙያ ቶሎ ቶሎ ስለሚዛወር የተለጠፈ ቁጥር ብዙ ጊዜ የቀድሞው ሰው ነው። መንገድ ሲዘጋ ወይም ኔትወርክ ሲጠፋ የሚያገለግል ሁለተኛ አማራጭም ይኑር፦ በእግር የሚደረስ ጤና ጣቢያ ወይም ጤና ኬላ፣ ለአንድ ሌሊት የምታሳድር የታመነች ሴት። መጠለያ በሌለበት ወረዳ ይቺ ሴት ከማንኛውም ቢሮ ትበልጣለች፤ ማንነቷ ግን በዝርዝሩ ላይ አይጻፍም።

ሰውና ቀን

ከ16 እስከ 20 ሠልጣኝ፣ ሦስት ቀን፣ ሁለት አሠልጣኝ፤ አንዷ ሴት፣ አንዱ ወንድ። ከዚህ ከበዛ የንግግር ልምምዱ ለሁሉም አይደርስም። የገበያ ቀንና የአጨዳ ሰሞን ይቅር። ለጎጃም ምቹው ጊዜ ከጥር በፊት ያለው ነው፤ ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ያለው የሰርግ ወቅት ያለዕድሜ ጋብቻም የሚበዛበት ስለሆነ ሠራተኛው ቀድሞ መዘጋጀት አለበት። አለቃና የበታች ሠራተኛ አንድ ላይ አታስቀምጡ፤ የበታቹ አፉን አይከፍትም።

በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ አግብተው ከሚያውቁ ሴቶች 34 በመቶዎቹ ከባል አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። ከሠልጣኞቻችሁ መካከልም ያለፉበት ይኖራሉ ማለት ነው። በመጀመሪያው ሰዓት «መውጣት የፈለገ ሳያስፈቅድ መውጣት ይችላል፤ የራሱን ታሪክ የመናገር ግዴታ ያለበት የለም» ብላችሁ ተናገሩ። አንደኛው ሲያሠለጥን ሌላኛው የወጣውን ተከትሎ ይወጣል።

አንደኛ ቀን፦ ውስጥ ያለውን ማውጣት

በአዳራሹ አንድ ጥግ «እስማማለሁ»፣ በሌላው «አልስማማም» የሚል ወረቀት ለጥፉ። ዓረፍተ ነገር እያነበባችሁ ሰዎቹ ሄደው ይቁሙ፦ «ሚስት ወጥ ካሳረረች ባል ቢቆጣት ያምርበታል»፣ «ልጅ ያለ አለንጋ ሰው አይሆንም»፣ «የባልና የሚስትን ጠብ ሽማግሌ ይጨርሰዋል»። አትከራከሩ፤ «ለምን እዚያ ቆምክ?» ብቻ በሉ። ያው ጥናት ከሴቶቹ ራሳቸው 63 በመቶዎቹ ቢያንስ በአንድ ምክንያት ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ ነው ማለታቸውን አሳይቷል። ሠልጣኞቻችሁ ከዚሁ ማኅበረሰብ የወጡ ናቸውና ጥግ ላይ ሲቆሙ አትደንግጡ። ማሳፈር ዝም ያሰኛል፤ ዝም ያለ ሠልጣኝ ደግሞ የያዘውን እምነት ይዞ ወደ ወረዳው ይመለሳል።

ሕጉን በግማሽ ሰዓት ጨርሱ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃትን ይመለከታል፤ አንቀጽ 648 ያለዕድሜ ጋብቻን ይቀጣል። በአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 79/1995፣ የጋብቻ ዕድሜ 18 ነው። አንድ ክፍተት አለ፤ ሠልጣኙ ሳያውቀው ተስፋ እንዳይሰጥ በግልጽ ንገሩት። ሕጉ አስገድዶ መድፈርን ከጋብቻ ውጭ ለሚፈጸመው ብቻ አድርጎ ስለደነገገ፣ ባል ሚስቱን በመድፈር በዚያ አንቀጽ አይከሰስም። ያደረሰባት የአካል ጉዳት ግን ያስጠይቀዋል፤ ሕክምናም በማናቸውም ሁኔታ ይገባታል።

ሁለተኛ ቀን፣ ጠዋት፦ ምልክቶች

አንድ ምልክት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ሁለት ሦስት ሲደራረብና ምክንያቱ ከጉዳቱ ጋር ሳይገጥም ሲቀር ጆሮ ያቆማል። ልጅ ሲሮጥ ወድቆ የሚቆስለው ጉልበቱን፣ ክርኑን፣ ግንባሩን ነው። ጀርባ፣ የጭን ኋላ፣ ጆሮና አንገት በመውደቅ እምብዛም አይጎዱም። ጎን ለጎን የተሰመረ ሰንበር የልምጭ ወይም የኤሌክትሪክ ገመድ ሊሆን ይችላል። ቀልተው የሚያለቅሱ ዓይኖች፣ የማያቋርጥ ሳልና የፊት ቃጠሎ አንድ ላይ ከታዩ በርበሬ መታጠንን አስቡ፤ በየቤቱ «ቅጣት» እየተባለ የሚያልፍ አደገኛ ነገር ነው። የተለያየ ዕድሜ ያላቸው ቁስሎች፣ አንዱ የሻረ አንዱ የደማ፣ ነገሩ ተደጋጋሚ መሆኑን ይናገራሉ።

የማይታየው ይበዛል። ማዕከሉ ሲዘጋ ወደ ቤት የማትቸኩል ልጅ፣ ስልኳ በጮኸ ቁጥር የምትደነግጥ፣ ከጓደኞቿ በድንገት የተለየች፣ ውጤቷ ያሽቆለቆለ። ወንድ ልጅ ላይ ደግሞ ጠበኝነትና መጠጥ ይቀድማል፤ ሠራተኛው «ባለጌ» ብሎ ከክበቡ ያባርረዋል፤ ልጁም ሰው የሚያገኝባት ብቸኛ ቦታ ትቀርበታለች። እዚህ ላይ ሦስት ዓይነት ልጆችን ለይታችሁ አስተምሩ፤ ከቤተሰብ ዓይን ውጭ ስለሚኖሩ ይረሳሉ። ከገጠር መጥተው ከተማ ቤት ተከራይተው የሚማሩት፣ ስንቃቸው በገበያ ቀን የሚመጣላቸው፤ ዘመድ ቤት ተቀምጠው «እየተማሩ» ቀኑን ሙሉ የሚሠሩት፤ በእረኝነት የተቀጠሩት።

ያለዕድሜ ጋብቻ የራሱ ምልክት አለው። ልጅቱ በድንገት ከትምህርት ትቀራለች፤ ቤት ውስጥ ጠላና አረቄ በብዛት ይጠመቃል፤ ሲጠየቁ «ተዝካር ነው»፣ «ማኅበር ነው» ይባላል። ታላቅ እህት ስትዳር ታናሺቱን በዚያው ድግስ መዳር ወጪ ስለሚቀንስ፣ የታላቋ ሰርግ ሲሰማ ስለታናሿ ጠይቁ።

ከሰዓት በኋላ፦ ንግግሩን መለማመድ

ትልቁን ጊዜ፣ ቢያንስ ሦስት ሰዓት፣ ለዚህ ስጡ። በሦስት በሦስት ይከፈሉ፤ አንዱ ሠራተኛ፣ አንዱ ወጣት፣ አንዱ ታዛቢ ይሁን፤ በየ15 ደቂቃው ይቀያየሩ። ታሪኩን እናንተ ጽፋችሁ ስጡ። ሠልጣኝ ከራሱ ቀበሌ ያየውን ካመጣ፣ ስም ባይጠራም እንኳ ከተማው ትንሽ ነውና ባለቤቱ ይታወቃል።

አጠያየቁ እንዲህ ነው፦

— ሰሞኑን ዝም ብለሻል። ቤት ውስጥ የሚያስፈራሽ ነገር አለ?
— ምንም የለም ጋሼ።
— እሺ። ልታወሪኝ ስትፈልጊ እዚሁ ነኝ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ፦ ዛሬ ማታ ቤት መግባት ያስፈራሻል?

ሁለተኛው ጥያቄ ብዙ ጊዜ አፍ ያስከፍታል፤ ስለ ሰው ሳይሆን ስለ ዛሬ ማታ ስለሚጠይቅ። ታዛቢው የሚመዘግባቸው ስህተቶች እነዚህ ናቸው፦ «ምን አድርገሽው ነው?» ማለት፣ ጣልቃ ገብቶ መምከር፣ ዝርዝር ማስነገር፣ «ለማንም አልናገርም» ብሎ መማል። የመጨረሻው የደግ ሰው ስህተት ነው። ከ18 ዓመት በታች ላለች ልጅ ትክክለኛው አባባል «አደጋ ላይ ከሆንሽ ለሚረዳሽ አንድ ሰው መናገሬ አይቀርም፤ ለማን እንደምናገር ግን አስቀድሜ ላንቺ እነግርሻለሁ» ነው። ለአዋቂ ሴት ደግሞ ውሳኔው የራሷ ነው፤ ያለ ፈቃዷ ፖሊስ ዘንድ አትሄዱም፣ «ለምን አትተይውም?» አትሏትም። ሴት የመገደል አደጋዋ የሚጨምረው ልትለይ ስትል ወይም ከተለየች በኋላ ነው።

በዚያው ምሽት ወደ ቤት የማይመለሱበትን ሁኔታ በቃል አስጠኑ፦ አንገት መታነቅ፣ «እገድልሻለሁ» መባል፣ መሣሪያ ወይም ስለት መውጣቱ፣ ነፍሰ ጡርን መምታት። የታነቀ ሰው አንገት ላይ ምልክት ላይኖር ይችላል፤ ድምፁ ከሻከረ፣ መዋጥ ካቃተው ወይም ዓይኑ ውስጥ የደም ነጠብጣብ ከታየ ሰዓት ሳይፈጅ ሐኪም ይየው።

ሦስተኛ ቀን፦ የመጀመሪያዎቹ 72 ሰዓታት

ለተደፈረች ልጅ ጤና ተቋም ከፖሊስ ይቀድማል። የኤችአይቪ መከላከያው በ72 ሰዓት ውስጥ ካልተጀመረ ጊዜው ያልፋል፤ ከተጀመረ 28 ቀን ሳይቋረጥ ይወሰዳል። የእርግዝና መከላከያው እስከ 120 ሰዓት ይሰጣል፣ በዘገየ ቁጥር ግን አቅሙ ይቀንሳል። የሚቻል ከሆነ አትታጠብ፤ ልብሷን ካወለቀች በወረቀት ይጠቅለል፤ ፌስታል እርጥበት ይዞ ማስረጃውን ያበላሻል። ታጥባ ከመጣችም «አበቃ» አይባልም፣ ሕክምናው ይቀጥላል። ሠራተኛው አብሯት ይሄዳል፤ አድራሻ ጽፎ መስጠት ማድረስ አይደለም።

በዚህ መሐል ሽማግሌ ይመጣል። የንስሐ አባቱም፣ የቀበሌው ትልቅ ሰውም «በእርቅ ይለቅ» ሊሉ ይችላሉ። ሠልጣኙ አክብሮ የሚመልስበት አንድ ዓረፍተ ነገር ይኑረው፦ «አባቴ፣ እኔ የማስታረቅ ሥልጣን የለኝም፤ የተሰጠኝ ልጅቱን ሐኪም ዘንድ ማድረስ ነው።» ተለማመዱት፤ ያልተለማመደ ሰው እግር ይስማል፣ ፈቅዶም ይወጣል።

ማስታወሻ አጭር ይሁን፦ ቀን፣ ሰዓት፣ በራሷ አነጋገር የተናገረችው፣ የታየው ጉዳት፣ የተላከችበት ቦታ። «ተደፍራለች» ብሎ መደምደም የሐኪምና የፍርድ ቤት ነው። በስም ፋንታ ቁጥር፣ ወረቀቱ በተቆለፈ መሳቢያ። ፎቶ አይነሳም፤ በቴሌግራም ቡድን አንድም ቃል አይጻፍም፣ «ድጋፍ እናሰባስብ» ተብሎም ቢሆን።

ከሥልጠናው በኋላ

በወሩ ለእያንዳንዱ ሠልጣኝ ደውሉ፤ «ምን ተማርክ?» ሳይሆን «ማንን ሰማህ፣ ወዴት ላክህ፣ የት ላይ ተደናቀፍክ?» በሉ። ለስድስት ወር በየወሩ ለአንድ ሰዓት ተገናኝተው ያለ ስም ይመካከሩ፤ የሰው መከራ የሚሸከም ሰው ለራሱም የሚያወራለት ያስፈልገዋል። የስልክ ዝርዝሩን በየሦስት ወሩ እንደገና ደውላችሁ አጣሩ፤ የተዛወረውን ሰው ስም ሰርዙ፣ የተተካውንም በአካል ሄዳችሁ ተዋወቁት።