የድሮ የጃፓን ብዕር ዕድሜ እንዴት ይነበባል

የመጀመሪያውን የጃፓን ፋውንቴን ፔን የገዛሁት ኪዮቶ ተማሪ ሳለሁ ነው። ቶጂ በሚባለው ቤተ መቅደስ ግቢ በየወሩ በ21ኛው ቀን ትልቅ ገበያ ይቆማል። አንድ ሻጭ ፓይለት የሚባለው የጃፓን ኩባንያ የሠራውን አጭር ጥቁር ብዕር አሳየኝና «ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠራ ነው» አለኝ። አመንኩት፤ የጠየቀኝንም ከፈልኩ። ማታ ቤት ገብቼ የሚጽፈውን የብረት ጫፉን በአጉሊ መነጽር ሳየው ግን ኤች የሚል የላቲን ፊደልና 1173 የሚል ቁጥር ተቀርጾበታል። ኤች ሂራትሱካ የሚገኘው የፓይለት ፋብሪካ ነው። 11 ኅዳር አካባቢ ያለው የፈረንጆቹ ኖቬምበር፣ 73 ደግሞ 1973 ነው። ከጦርነቱ በፊት የተባለው ብዕር ጦርነቱ ካበቃ ከ28 ዓመት በኋላ የተሠራ ሆኖ አረፈው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከዚያ ቀን ጀምሮ የያዝኩት ደንብ አንድ ነው፦ ብዕሩ ከሁሉም አዲስ ከሆነው ምልክቱ ሊያረጅ አይችልም። ስለዚህ አሮጌ የሚያስመስለውን ሳይሆን አዲስነቱን የሚያጋልጠውን ነገር ነው መጀመሪያ የምፈልገው።

ከጫፉ ጀምሩ። ጥሩ ብርሃን ያስፈልጋል፤ የስልክ መብራት ከጎን ሲበራበት የደበዘዘ ጽሑፍ እንኳ ብቅ ይላል። የፓይለት ቁጥር ሦስት አኃዝ ብቻ ከሆነ የመጀመሪያው ወር ነው፤ 473 ማለት አፕሪል 1973 ነው። ይህ አነባበብ ግን የፓይለት ነው። ሴይለርና ፕላቲነም በሚባሉት ሌሎች የጃፓን ብዕር ሠሪዎች ቁጥሮች ላይ አትሞክሩት።

ቀጥሎ ክብ ምልክት ፈልጉ። ጄ፣ አይ እና ኤስ የሚሉት ፊደላት ተጠላልፈው ክብ ውስጥ ይገኛሉ፤ የጃፓን የጥራት ደረጃ ምልክት ነው። ሕጉ የወጣው በ1949 ስለሆነ ይህ ምልክት ያለበት ጫፍ የጦርነት ዘመን ሊሆን አይችልም። በ2005 ደግሞ ምልክቱ በሌላ ተተካ። የእኔም ብዕር ነበረው፤ ገበያው ላይ ልብ ብዬ ባየው ኖሮ ሻጩን እዚያው እጠይቀው ነበር።

ጫፉ ላይ የተቀረጸው የወርቁ ጥራት ቁጥር፣ ማለትም ካራቱም፣ ይናገራል። 14 እና 18 በብዙ ዘመን ስለሚገኙ ብዙ አይረዱም። 22 ወይም 23 ካያችሁ ግን ልባችሁ ወደ 1970 አካባቢ ይሂድ። ያኔ ሴይለርና ፕላቲነም በካራት ቁጥር ይፎካከሩ ነበር። በተቃራኒው ከ1930ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ወርቅ ለብዕር ጫፍ እንዳይውል ስለተከለከለ የጦርነቱ ዘመን ብዕሮች ጫፋቸው ብረት ነው። ነገር ግን ርካሽ ብዕር በየትኛውም ዘመን የብረት ጫፍ ስላለው በዚህ ብቻ አትፍረዱ። በዚያ ላይ ጫፍ ይቀየራል። የ1930ዎቹ አካል ላይ የ1950ዎቹ ጫፍ ተሰክቶ አይቻለሁ።

ስለዚህ አካሉን እዩ። የቆዩት የሚሠሩት ከኤቦናይት ነው፤ ጎማ በድኝ ጠንክሮ ማለት ነው። በአውራ ጣት ጠንከር አድርጋችሁ ስታሹት ድኝ ድኝ ይሸታል። ብርሃን ሲመታው ጥቁሩ ወደ ቡናማ ይሄዳል። ጃፓኖች ከዛፍ በሚገኝ ኡሩሺ በሚባል ቅብ ይቀቡት የነበረውም ለዚህ ነው፤ ቅቡ መልኩን ያቆየዋል። ጭራው ላይ የምትዞር ቁልፍ ካለችና ስትፈታ ረጅም ዘንግ ከውስጥ ከተሳበ፣ ቀለሙ በጠብታ የሚሞላ፣ በዘንጉ የሚዘጋ የጃፓን አሠራር ነው። እንዲህ ያለ ስታገኙ ከ1950ዎቹ ወደ ኋላ ማሰብ ትችላላችሁ።

አደራ፣ ኤቦናይት ውኃ ውስጥ አትዘፍዝፉ። ያልተቀባ አንድ ጥቁር ብዕር ይጸዳል ብዬ ሌሊቱን ውኃ ውስጥ አሳደርኩት። ጠዋት የደረቀ ጭቃ መስሎ አገኘሁት። እስካሁን ባየሁት ቁጥር ያንገበግበኛል።

የቀለም ካርትሪጅ፣ ማለትም ቀለም ተሞልቶ የሚሸጥ ትንሽ ቱቦ፣ የሚቀበል ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። በጃፓን ካርትሪጅን ያስጀመረው ፕላቲነም ነው፣ በ1957። አካሉ አጭር፣ ክዳኑ ረጅም ሆኖ ክዳኑ ኋላ ላይ ሲሰካ ብቻ ሙሉ ብዕር የሚሆነው የኪስ ብዕር ደግሞ የ1960ዎቹና የ1970ዎቹ ፋሽን ነው። የፓይለት ኤሊት ከእነዚህ አንዱ ነው። ጫፉና መያዣው አንድ ብረት የሆነው የፓይለት ሚዩ 701 በ1971 ወጣ።

ናሚኪ የሚለው ስም ያታልላል። ፓይለት ኩባንያው በ1918 ሲቋቋም ናሚኪ ይባል ነበር፤ ፓይለት የተባለው በ1938 ነው። ሆኖም ስሙ ኋላ ላይ በወርቅ ዱቄት ለሚሣሉ ውድ ብዕሮች ተመልሷል። ስለዚህ ናሚኪ የሚል ሁሉ አሮጌ አይደለም።

አንዳንዴ ደግሞ ዕድለኛ ትሆናላችሁ። የጡረታ ወይም የምረቃ ስጦታ ከሆነ አካሉ ላይ ቀን ይቀረጻል፤ ብዙ ጊዜ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን አቆጣጠር። ሾዋ 46፣ ማለትም የንጉሠ ነገሥት ሂሮሂቶ ዘመን 46ኛ ዓመት፣ ካለ 1925 ደምሩ፤ 1971 ይሆናል። ሰባትና ስምንት ስንደምር ለኖርን ለእኛ ይሄ አይከብድም። ቀኑ ስጦታው የተሰጠበት እንጂ ብዕሩ የተሠራበት እንዳልሆነ ብቻ አስታውሱ።

ከኢንተርኔት ስትገዙ ሦስት ፎቶ ጠይቁ፦ ጫፉ ከፊት ለፊት፣ ብዕሩ ተፈትቶ፣ የአካሉ ጽሑፍ ከጎን በሚበራ ብርሃን። ሻጩ እነዚህን ካልላከልኝ እኔ ገንዘቤን አልልክም።