ድሬና ሐረር ላይ የነርሲንግ ዲግሪን በአጭሩ መንገድ እንዴት መርጦ መጨረስ ይቻላል?

አርብ ማታ ተረኛ ነበርኩ። ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ርክክብ ጨርሼ፣ ጋዋኔን በፌስታል ጠቅልዬ፣ ከድሬ ወደ ሐረር በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። የደንገጎን ጠመዝማዛ ስንጀምር እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ ሐረማያን አልፈናል። ያን ቀን 3 ሰዓት ላይ ስለ ልብ ድካም ትምህርት ነበረን። ደብተሬን አሁን ሳየው የዚያን ቀን ጽሑፍ ግማሹ ወደ ታች ይንሸራተታል። ከዲፕሎማ ነርስነት ወደ ዲግሪ የተሻገርኩት እንዲህ ባሉ ቅዳሜዎች ነው።

ይህን የምጽፈው ያንኑ መንገድ ለመጀመር ለምታስቡ ነው። ከ12ኛ ክፍል ለሚመጣ ተማሪ የነርሲንግ ዲግሪ 4 ዓመት ይወስዳል። ደረጃ 4 (ዲፕሎማውን) ጨርሶ፣ ሲኦሲ የሚባለውን የብቃት ምዘና አልፎ ሲሠራ ለቆየ ነርስ ግን ቀድሞ የተማረው ስለሚያዝለት ጊዜው ያጥራል። ብዙዎቻችን «አፕግሬድ» እንለዋለን። ኮሌጆችም ማስታወቂያቸው ላይ በትልቁ የሚጽፉት ይህንኑ ማጠሩን ነው። እኔም መጀመሪያ የጠየቅኩት «ስንት ጊዜ ይፈጃል?» ብዬ ነበር። ከዚያ በፊት መጠየቅ የነበረብኝ ሁለት ነገር ነበር፤ ከእነሱ ልጀምር።

1. ፈቃዱን በዓይናችሁ እዩ

መጀመሪያ የተመዘገብኩበት ኮሌጅ ዕውቅና እንዳለው ነግረውኝ ነበር። እውነትም ነበረው። ግን ዕውቅናው የሌላ ከተማ ካምፓሳቸው ነበር እንጂ እኛ የምንማርበት ቅርንጫፍ አልነበረም። ይህን ያወቅኩት የሴሚስተሩን ክፍያ ከፍዬ፣ ሁለት ፈተና ከተፈተንኩ በኋላ ነው። ገንዘቡም ጊዜውም ቀረ። ከእኔ ጋር የነበረች አንዲት እህት ቁጠባዋን በሙሉ ነበር ያወጣችው። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ የዕውቅና ደብዳቤውን ራሱን አሳዩኝ በሉ። ደብዳቤው ላይ አምስት ነገር ፈልጉ፦ የትምህርት ዘርፉ ነርሲንግ መሆኑን፣ ደረጃው ዲግሪ መሆኑን፣ የካምፓሱን ስም፣ መደበኛ ነው ወይስ የማታና የቅዳሜና እሁድ የሚለውን፣ እና የሚያበቃበትን ቀን። አንዱ ከጎደለ ሌላው አያድናችሁም። ከዚያ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ጋር አመሳክሩ። ሬጅስትራሩ «አትጨነቁ፣ በሂደት ላይ ነው» ካላችሁ፣ ሂደቱ ሲያልቅ እመጣለሁ ብላችሁ ውጡ። ነርሲንግን በርቀት አስተምራለሁ የሚል ካጋጠማችሁማ ወንበሩ ላይ እንኳ አትቀመጡ።

2. «ተግባር ልምምዱ የት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ

ፕሮግራም የሚመረጠው በዋርዱ፣ ማለትም በሽተኛ በሚተኛበት ክፍል፣ ነው ብዬ ከልቤ አምናለሁ። የሁሉም ኮሌጅ መማሪያ ክፍል ይመሳሰላል። ልዩነቱ ያለው በሽተኛው አጠገብ ነው።

ሐረር ላይ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤናና ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ ከሕይወት ፋና ሆስፒታል ጋር ተያይዞ ይሠራል። ጁገል ሆስፒታልም አለ። ድሬ ላይ ድል ጮራና ሳቢያን አሉ። የምትመርጡት ኮሌጅ ከእነዚህ ከየትኛው ጋር የጽሑፍ ስምምነት እንዳለው ጠይቁ። አንድ አስተማሪ ስንት ተማሪ ይዞ እንደሚገባ ጠይቁ። አስተማሪው ራሱ ዋርድ ድረስ ይመጣል ወይስ የልምምድ መዝገባችሁ (ሎግቡክ) ላይ ፈርሞ ይሄዳል? የማዋለጃ ክፍል ተራ በስንት ጊዜ ይደርሳል? አንዲት ምጥ ላይ ያለች እናት ዙሪያ አሥር ተማሪ ቢቆም የሚማር የለም፤ እናቲቱም ትሳቀቃለች። ቢሮ ውስጥ የሚነገራችሁ ካልበቃችሁ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሆስፒታሉ በር ላይ ጠብቁና የሚወጡትን ተማሪዎች ጠይቁ። እነሱ አይደብቁም።

«እኔኮ ስድስት ዓመት ዋርድ ሠርቻለሁ፤ ልምምዱ ምን ይጨምርልኛል?» የሚል ሐሳብ ይመጣል። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። አንድ ቀን ሐረር ማዋለጃ ክፍል አንዲት ወጣት እናት ከወለደች ገና ግማሽ ሰዓቷ ነበር። የደም ግፊቷን ለካሁ፤ 110 በ70። ደህና ነች ብዬ ጻፍኩና ወደሚቀጥለው አልጋ ልሄድ ስል አስተማሪያችን ክንዴን ያዘችኝ።

«ሲስተር፣ ፕረሸሩን ተዪው። ፐልሷ ስንት ነው?»

ቆጠርኩ። 124።

«እሺ፣ አሁን ሆዷን ዳስሺ።»

ማህፀኗ ለስላሳ ነበር፤ እንደሚገባው አልጠነከረም። አንሶላውን ስንገልጠው ከሥሯ ደም ተጠራቅሟል። ማህፀኗን እያሸን፣ ማህፀን የሚያኮማትረው ኦክሲቶሲን ተሰጥቷት፣ ሐኪም ተጠርቶ ተረፈች። ደም የሚፈሰው ሰው መጀመሪያ የልብ ምቱ ይፈጥናል። ግፊቱ የሚወርደው ዘግይቶ፣ ሰውነቱ መቋቋም ሲያቅተው ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ሁለቱንም ቁጥር ስጽፍ ኖሬአለሁ። አንዱ ስለ ሌላው ምን እንደሚናገር ግን ቆም ብዬ አላሰብኩም ነበር። ይህን የሚያስቆም አስተማሪ ያለበትን ቦታ ፈልጉ። ርቀት ቢኖረውም፣ አንድ ሴሚስተር ቢረዝምም።

ቦታው የምታዩትን በሽታም ይወስናል። ድሬ ሞቃት ናት፤ ውኃም በሮቶና በበርሜል እናጠራቅማለን። በ2006 ዴንጊ የሚባለው በትንኝ የሚተላለፍ የትኩሳት በሽታ ገባብን። በ2011 መጨረሻ ቺኩንጉንያ የሚባለው ሌላ የትንኝ በሽታ መጣ። በ2014 ደግሞ ከተማ ውስጥ በተጠራቀመ ውኃ የሚራባው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለው ትንኝ ያመጣው የወባ ወረርሽኝ ነበር። ስለዚህ እዚህ ትኩሳት ይዞት የመጣን ሰው ሁሉ ወባ ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም። ዴንጊ ከሆነ የለመድነው የዳይክሎፌናክ መርፌ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን መድማትን ያባብሳሉ፤ ለትኩሳቱ የሚሰጠው ፓራሲታሞል ነው። አደጋው የሚመጣው ደግሞ ትኩሳቱ ሲበርድ፣ ቤተሰብ «ተሻለው» ብሎ ሊወስደው ሲል ነው። የሆድ ሕመም፣ የማያቋርጥ ትውከትና የድድ መድማት ካለ አይሸኝም። እንዲህ ያለውን ከመጽሐፍ ማንበብና አልጋው አጠገብ ቆሞ ማየት በጣም ይለያያል።

3. ወረቀቱን ቀድማችሁ ጨርሱ

የደረጃ 4 ዲፕሎማ፣ የሲኦሲ ማስረጃ፣ የ10ኛ ወይም የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ የሙያ ፈቃድ፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤ። እነዚህን አንድ ፋይል ውስጥ ከነኮፒያቸው አስቀምጡ። ራስ ምታቱ የኮርስ ውጤታችሁን ዝርዝር የያዘው ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ነው። ከቀድሞ ኮሌጃችሁ ታሽጎ ወደ አዲሱ መላክ አለበት፤ የቀድሞው ኮሌጅ ቤት ቀይሮ ወይም ሬጅስትራሩ ለቆ ሊሆን ይችላል። ምዝገባ ሳይከፈት ሁለት ወር ቀድማችሁ ጀምሩ።

ትራንስክሪፕት ካነሳን አይቀር፣ አሜሪካ ለመሄድ ለምታስቡም አንድ ነገር ልበል። እዚያ «አክስለሬትድ» የሚባለው የነርሲንግ ፕሮግራም ከእኛ አፕግሬድ ጋር አንድ አይደለም። እሱ በሌላ ሙያ ዲግሪ ላለው ሰው የተዘጋጀ ነው። አካውንቲንግ ወይም ባዮሎጂ የተማረ ሰው አናቶሚ፣ ማይክሮባዮሎጂና ስታቲስቲክስ የመሳሰሉትን ቀድሞ ከወሰደ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ የነርሲንግ ዲግሪ ይይዛል። ሙሉ ቀን ነው፤ ሥራ እየሠሩ መማር በጣም ይከብዳል። ሲጨርስ ኤንክሌክስ የሚባለውን የነርስ ፈቃድ ፈተና ይፈተናል፤ ከ85 እስከ 150 ጥያቄ፣ 5 ሰዓት። እዚያ ያለ ዘመዳችሁ ትምህርት ቤት ሲመርጥ የግዛቱ የነርሲንግ ቦርድ ፈቃድ እንዳለው ያረጋግጥ። ተማሪዎቹ በመጀመሪያ ሙከራ ምን ያህል እንደሚያልፉም ይመልከት፤ ብዙ ቦርዶች ይህን ቁጥር በግልጽ ያወጡታል። ከዚህ ለምትሄዱ ደግሞ፣ ኦፊሻል ትራንስክሪፕትና የእያንዳንዱን ኮርስ ዝርዝር ሳትይዙ አትሳፈሩ። ከባሕር ማዶ ሆኖ ማስላክ ስንቱን አስለቅሷል።

4. ከመሥሪያ ቤት ጋር በወረቀት ተስማሙ

የነርሶች ኃላፊዋ ሜትሮን «ችግር የለም፣ እናመቻችልሻለን» ብትል ደስ ይላል። ግን ሜትሮን ይቀየራል። የትምህርት ቀናችሁን ጠቅሳችሁ ማመልከቻ አስገቡ፤ መዝገብ ቤት አስመዝግባችሁ አንድ ኮፒ ያዙ። መሥሪያ ቤታችሁ ስፖንሰር ከሆነ ግዴታ ያስገባል። ስንት ዓመት ማገልገል እንዳለባችሁና ብታቋርጡ ምን እንደሚከፈል ሳታነቡ አትፈርሙ።

ከዚያ አንድ የተራ ጓደኛ አብጁ። የእኔዋ ቅዳሜን ትሸፍንልኛለች፤ እኔ የበዓል ማታ እገባላታለሁ። ዒድ እሷ ቤቷ፣ ፋሲካ እኔ ቤቴ። ይህ ባይኖር አልጨርሰውም ነበር። ከማታ ተራ ወጥቶ በቀጥታ ክፍል መግባትን ግን ልማድ አታድርጉት። እኔ ለአንድ ሴሚስተር አደረግኩትና አንድ ቀን ዋርድ ውስጥ የአንዱን መድኃኒት ለሌላው ልሰጥ ስል ካርዱን ደግሜ በማየቴ ነው የተረፍኩት። ከዚያ ወዲህ ከትምህርት በፊት ያለችውን ሌሊት ለእንቅልፍ ጠበቅኳት።

5. አጠናኑ

ጫቱን በግልጽ ላንሳው፤ አገራችን ነውና። ለፈተና ጫት ይዞ ማደር የተለመደ ነው። በምርቃና ሰዓት ሁሉም ነገር የገባን ይመስለናል። በማግስቱ ግን እንቅልፍ የለም፣ የተነበበውም አይገኝም። ማታ ተረኛ ለሆነ ሰው ድርብ ጉዳት ነው። እኔ ያዋጣኝ ጠዋት 11 ሰዓት ላይ ተነስቶ፣ ድሬ ሳትሞቅ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ማንበብ ነው።

ቀን ዋርድ ያያችሁትን በሽተኛ ማታ አንብቡ። የስኳር በሽተኛ ካያችሁ ስለ ስኳር። እንዲህ የተነበበ ነገር አይጠፋም፤ ፊት አለውና።

ሒሳቡን በየቀኑ ሥሩ። አንድ ሊትር ግሉኮስ በ8 ሰዓት እንዲያልቅ ቢታዘዝና የመስጫው ቱቦ በሚሊ ሊትር 20 ጠብታ ቢሆን፦ 1000 ሲባዛ በ20፣ ሲካፈል ለ480 ደቂቃ። 42 ጠብታ ገደማ በደቂቃ። ይህን በእጅ ሰዓት እያያችሁ በእውነተኛ በሽተኛ ላይ አስተካክሉት። ብዙዎቻችን በዓይን ግምት ነበር የምንለቀው።

ደግሞ ቋንቋ። አስተማሪው በእንግሊዝኛና በአማርኛ ያስተምራል፤ በሽተኛው ግን ኦሮምኛ ወይም ሶማሊኛ ብቻ ሊሆን ይችላል። «ኤሳ ሲ ዱኩባ?» እና «ሐጌ ኩ ሐኑነይሳ?» ማለትን እወቁ። ሁለቱም የት ነው የሚያምዎት ማለት ናቸው። አንዲት ከገጠር የመጡ እናት በራሳቸው ቋንቋ ስጠይቃቸው ፊታቸው እንዴት እንደበራ አልረሳውም። ከዚያ በኋላ ለሐኪሙ ያልነገሩትን ለእኔ ነገሩኝ።

6. መውጫ ፈተናውና ከዚያ በኋላ

ከ2015 ጀምሮ የግልም የመንግሥትም የዲግሪ ተማሪ ሁሉ መውጫ ፈተና ይፈተናል። ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ሳያልፉ ዲግሪ የለም። ስለዚህ ኮሌጅ ስትመርጡ «ካስፈተናችኋቸው የነርሲንግ ተማሪዎች ስንቱ አለፉ?» ብላችሁ ጠይቁ። ቁጥሩን የሚሸሽ ካለ መልሱን ሰጥቷችኋል።

ዝግጅቱን ለመጨረሻ ሴሚስተር አታቆዩ። እያንዳንዱ ኮርስ ሲያልቅ አንድ ገጽ ማጠቃለያ ጽፋችሁ አስቀምጡ፤ እኛ አራት ሆነን ተከፋፍለን ነበር የጻፍነው። ፈተናው በኮምፒውተር ነው። ማውዝ ይዞ የማያውቅ ካለ ቀድሞ ይለማመድ፤ ሰዓቱ በዚያ ይበላል።

ካለፋችሁ በኋላ ቴምፖራሪያችሁን (ጊዜያዊ የዲግሪ ማስረጃችሁን) ይዛችሁ ጤና ቢሮ ሂዱና የሙያ ፈቃዳችሁን ወደ ዲግሪ አስቀይሩ። አዲሱን ፈቃድ ከዲግሪው ኮፒ ጋር ለመሥሪያ ቤታችሁ የሰው ሀብት ክፍል በማመልከቻ አስገቡ። ደረጃና ደመወዝ በራሱ አይስተካከልም፤ መጠየቅ አለበት። የገባበት ቀን የተመታበት ማህተም ያለውን ኮፒ ቤታችሁ አስቀምጡ። የእኔን ጉዳይ አንድ ጊዜ «ጠፍቷል» ሲሉኝ ያቺ ኮፒ ናት ያወጣችኝ።