ሐረጎን ከመውረድዎ በፊት፦ ሞተረኛን በአለባበሱና በዕቃው የመመዘን ዘዴ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ በዚህች አጭር ርቀት ውስጥ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ካለው የደሴ ብርድ ተነሥቶ 1,850 ሜትር አካባቢ ወደሚገኘው የኮምቦልቻ ሙቀት ያወርዳል፤ በመካከሉም በሐረጎ ጠመዝማዛ ላይ ጭነት የያዙ ተሳቢዎች እያቃሰቱ ሲወጡና ሲወርዱ ሞተረኛው በጠርዙ ተለጥፎ ያልፋል። በዚህ መንገድ ላይ በሰው ሞተር ተፈናጠው የሚሄዱ ከሆነ፣ ወይም የራስዎን ሞተር ይዘው ከማያውቁት ሰው ጋር ተከታትለው ለመውረድ ካሰቡ፣ ያንን ሰው የሚመዝኑበት ጊዜ ቢበዛ አምስት ደቂቃ ነው፤ የሚመዝኑበትም ነገር አለባበሱ፣ የያዘው ዕቃና የቆመው ሞተሩ ብቻ ነው። ሰውን በልብሱ መመዘን ነውር መሆኑን ተምረን አድገናል፤ በሌላው የኑሮ ጉዳይ እኔም ይህን አልቃወምም። ሞተር ላይ ግን ወደድንም ጠላንም ሁላችንም እንመዝናለን፤ ጥፋታችን መመዘናችን ሳይሆን ሚዛኑን ገልብጠን መያዛችን ነው።

በእኛ ዘንድ ራሱን ሳይሸፍን፣ ሸሚዙን ነፋስ እየነፋለት የሚወርድ ጎረምሳ «ጎበዝ ነጂ» ይባላል። ሄልሜቱን አጥብቆ፣ ጓንት አጥልቆ፣ ጉልበቱ ላይ መከላከያ አስሮ የመጣውን ሰው ደግሞ «ጨረቃ ላይ ሊወጣ ነው እንዴ?» እያልን እናላግጥበታለን፤ ቢበዛ «የድርጅት ሰው ነው» ብለን እናልፈዋለን። እኔም ከአላጋጮቹ አንዱ ነበርሁ። ከዓመታት በፊት አራት ሆነን ከደሴ በወልድያና በጋሸና አድርገን ወደ ላሊበላ ስንሄድ፣ ከመካከላችን አንዱ ከእግር እስከ ራሱ በአዲስ ትጥቅ ተሸፍኖ መጣ። ሐይቅ ላይ ቡና ስንጠጣ በልቤ «ይህ ጀማሪ ነው» ብዬ ፈረድሁና ከኋላ እንዲሆን አደረግሁት። ከጋሸና ወዲያ ጠጠር በተበተነበት አንድ መታጠፊያ ላይ እኔም እሱም በደቂቃዎች ልዩነት ወደቅን። እሱ ተነሥቶ አቧራውን አራገፈ፤ እኔ እጅጌ ጉርድ ሸሚዝ ለብሼ፣ ያለ ጓንት ነበርሁና የቀኝ መዳፌ ቆዳ እዚያው ቀረ፤ ለሦስት ሳምንት ያህልም ሰው ሲያጎርሰኝ ከረምሁ። የሚወድቅ ሰው ሳያስበው አስቀድሞ እጁን ይዘረጋልና መዳፍ መጀመሪያ መሬት የሚነካ አካል መሆኑን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ ይህ ነው፦ በደንብ የታጠቀን ሰው በማየት ብቻ ፈሪ ወይም ጀማሪ ነው ብለው አይፍረዱ። አዲስ መሆኑም ቢሆን አዲስ ከመሆኑ በቀር ምንም አይናገርም።

ሁለተኛው እርምጃ ዓይንን ከዋጋው ላይ አንሥቶ አያያዙ ላይ ማሳረፍ ነው። አበው «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ይላሉ፤ ለሞተረኛ ዕቃ የተነገረ ይመስላል። ከሁሉ አስቀድሞ ሄልሜቱ የት እንዳለ ይመልከቱ። በክርኑ ላይ አንጠልጥሎት የሚመጣ ሰው ሄልሜቱን የያዘው ለትራፊክ ፖሊስ እንጂ ለራሱ አይደለም። በስፖኪዮ ላይ የሚሰቅለው ደግሞ ሌላ ጉዳት ያደርሳል፤ በሄልሜት ውስጥ ያለው፣ ቴሌቪዥን ሲገዛ በካርቶኑ ውስጥ እንደሚገኘው ያለ ነጭ ፎም ነው ምቱን የሚውጠው፣ ይህም ፎም አንድ ጊዜ ከተጨፈለቀ በኋላ ወደ ቦታው አይመለስም፤ በየቀኑ በስፖኪዮ ጫፍ የተወጋ ሄልሜት ከውጭ ቢያብረቀርቅም ከውስጡ ተጎድቷል። ከባድ ግጭት ያለፈበት ሄልሜትም እንዲሁ ነው፤ ቀለም ቢቀባም አገልግሎቱ አብቅቷል።

ቀጥሎ ማሰሪያውን ይመልከቱ። በኔ ሚዛን ከዚህ የሚበልጥ አንድም ምልክት የለም። ማሰሪያው ከአገጩ በታች ከሁለት ጣት በላይ የማያስገባ ሆኖ የታሰረ ከሆነ ያ ሰው በየቀኑ የሚያስር ሰው ነው፤ መቆለፊያው ተሰብሮ በገመድ የተተካ ወይም ማሰሪያው ሳይነካ እንደ አዲስ የቆየ ከሆነ ግን ሄልሜቱ በመጀመሪያው ግጭት ከራሱ ቀድሞ ይሄዳል። ድፍረት ካለዎት፣ ወይም ሰውዬው ወዳጅዎ ከሆነ፣ ሄልሜቱን እንዳጠለቀ የኋላ ጠርዙን ይዘው ወደ ላይና ወደ ፊት ይሳቡት፤ ከወለቀ አይሆንም። ጥራቱን ለማወቅ በማሰሪያው ላይ የተሰፋውን ትንሽ ጨርቅ ያንብቡ፦ በተባበሩት መንግሥታት 22ኛው ደንብ መሠረት የተፈተነ ሄልሜት በክብ ውስጥ «ኢ» የሚለውን የላቲን ፊደል ከአገር ቁጥር ጋር፣ ከዚያም በ05 ወይም በአዲሱ በ06 የሚጀምር ቁጥር ይይዛል። ምልክቱን አስመስሎ መለጠፍ ቀላል ስለሆነ ግን ፎሙን በጣት ሳይዳስሱ አይመኑት፤ ከጨርቁ ሥር ስፖንጅ ብቻ ካለ የያዘው ቆብ ነው። የግንባታ ሠራተኛ ሄልሜት አድርጎ የሚመጣም አለ፤ እሱን መመርመር አያስፈልግም።

ይህን ያህል በሄልሜት ላይ መቆሜ ያለ ምክንያት አይደለም። በዓረቦች አመፅ ስሙ የገነነው እንግሊዛዊ መኮንን ቲ. ኢ. ሎውረንስ በ1935 እ.ኤ.አ. ራሱን ሳይሸፍን ከሞተር ወድቆ ከስድስት ቀን በኋላ ሲሞት፣ ካከሙት ሐኪሞች አንዱ የነበረው ሂው ኬርንስ ነገሩ ከአእምሮው አልወጣ ብሎት የሞተረኞችን የራስ ጉዳት ሲያጠና ቆይቶ በ1941 የሄልሜትን ጥቅም የሚያሳይ ጽሑፍ አወጣ። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣና 61 ጥናቶችን የመረመረ ግምገማም ሄልሜት የሞትን አደጋ በ42 በመቶ፣ የራስ ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ተፈናጣጭ ከሆኑ እንግዲህ አንድ ጥያቄ ይበቃዎታል፦ ሁለተኛ ሄልሜት ይዟል? የራሱን ብቻ ይዞ የመጣ ሰው ጥሩ ነጂ ሊሆን ይችላል፤ እርስዎን ግን አላሰበም።

ከራስ ወደ እግር ሲወርዱ የግራ ጫማውን አፍንጫ ይመልከቱ። ማርሽ የሚቀየረው በግራ እግር ስለሆነና ወደ ላይ ሲነሣ የማርሹ ዘንግ ጫማውን ስለሚፍቀው፣ ብዙ የነዳ ሰው በግራ ጫማው ላይ ከቀኙ የተለየ ጥቁር ወይም የተላጠ ምልክት አለው። ይህን ምልክት ማንም ከሱቅ አይገዛውም። አንድ ነገር ብቻ ያስተውሉ፦ ቦክሰርን በመሳሰሉ የሕንድ ሞተሮች ላይ ብዙ ጊዜ ማርሹ ከፊትም ከኋላም መርገጫ ስላለው ነጂው በተረከዙ ይቀይራል፤ ጫማው ንጹሕ ሆኖ ቢያገኙት ከመፍረድዎ በፊት ሞተሩን ይዩ። በሸበጥ ወይም በበረባሶ የመጣውን በተመለከተ ግን ንግግር አላበዛም፤ ቁርጭምጭሚትን የማይሸፍን ጫማ ለዚህ ሥራ ጫማ አይደለም።

ልብሱን ሲያዩ መንገዱን ያስቡ። በሐምሌ ከኮምቦልቻ በቲሸርት ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚወጣ ሰው መንገዱን አያውቀውም፤ የ600 ሜትር ከፍታ ልዩነት በቆመ አየር እንኳ ወደ አራት ዲግሪ ይቀንሳል፣ በሞተር ላይ ያለው ነፋስና ካፊያው ሲጨመርበት ጣት ፍሪሲዮን መጨበጥ ያቅተዋል። ጃኬቱን ሲከፍት ደረቱ ላይ የተጣጠፈ ካርቶን የሚወጣለት፣ ወይም ጫማው ውስጥ እግሩን በፌስታል የጠቀለለ ሰው ካጋጠመዎ አይሳቁበት። ገንዘብ ባይኖረውም ከደሴ በላይ ባለው በቶሳ ተራራ ላይ ጉም ሲወርድ ምን እንደሚሆን ያውቃል ማለት ነው። ስለ ቀለምም እንዲሁ ነው፦ ጥቁር ጃኬት ያምራል፣ እኔም አለኝ፤ ነገር ግን በ1981 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የወጣውና 900 አደጋዎችን በየቦታው ሄዶ የመረመረው የሃሪ ኸርት ጥናት፣ ሞተርና መኪና ከተጋጩባቸው አደጋዎች ሁለት ሦስተኛ በሚሆኑት ጥፋቱ ቅድሚያ የከለከለው የባለ መኪናው እንደነበረ፣ ብዙውን ጊዜም ሞተረኛውን እንዳላየው አረጋግጧል። በጠዋት ጉም ከደሴ የሚነሣ ሰው አንጸባራቂ ሰደርያ ደርቦ፣ የፊት መብራቱን አብርቶ ካዩት ከማንኛውም የቆዳ ጃኬት በላይ ይመኑት።

የተንዘረፈፈ ልብስ ለብቻው መታየት አለበት፤ አገራችን የነጠላ፣ የፎጣ፣ የሽርጥና የረጅም ቀሚስ አገር ናትና። የነጠላ ጥለት በካቴና ወይም በኋላ ጎማ ራጅ ተይዞ ለባሹን ሲጎትት ጊዜ አይሰጥም። ስለዚህ ተፈናጣጯን ሴት «ነጠላሽን ሰብስቢው፣ እትዬ፣ ከሥርሽ አድርጊው» ሳይል የማይነሣ ነጂ የሠለጠነ ነጂ ነው። ሞተሩም ላይ የካቴና ሽፋኑ መኖሩን ይዩ። በብዙ መሥሪያ ቤት የሚታየው ያማሃ ኤጂ ለእርሻ ሥራ ታስቦ የተሠራ በመሆኑ ካቴናው ሙሉ በሙሉ የተሸፈነ ነው፤ መልኩ ባያምርም በዚህ ረገድ ከሚያምሩት ይበልጣል። የመሥሪያ ቤት ሞተር የያዘ ሰው ግን ትጥቁም ሞተሩም የተሰጠው እንጂ የመረጠው አይደለምና፣ በዕቃው ብዛት ሳይሆን በተጠቀመበት መጠን ይመዝኑት።

ውጭ አገር ያሉ ሞተረኞች የጎማን ጠርዝ አይተው ይፈራረዳሉ፤ ጠርዙ ሳይነካ የቀረ ጎማ ነጂው በመታጠፊያ ላይ ለማዘንበል የሚፈራ መሆኑን ያሳያል ይላሉ። ለእኛ ይህ ሚዛን ጥቅም የለውም። በሐረጎ መታጠፊያ ላይ አዘንብሎ የሚገባ ሰው ከፊቱ የሚመጣው ተሳቢ መስመሩን ጠብቆ ይሁን አይሁን አያውቅም፤ ጠርዙ ያልተነካ ጎማ ያለው ሰው ለእኔ ዕድሜ የጠገበ ሰው ነው። ይልቅስ የጎማው መካከል መላጣ መሆን አለመሆኑን ይዩ።

ከዚያ ወደ ፊት ፍሬኑ ይሂዱ። ሞተር ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ አብዛኛውን የማቆም ኃይል የሚሰጠው የፊቱ ፍሬን ነው፤ «የፊቱ ይገለብጣል» በሚል ፍርሃት ገመዱን አላልተው የሚሄዱ ግን በየሰፈሩ አሉ። መያዣውን ጨብጠው ያለ ምንም መጠንከር እስከ መሪው ድረስ ከመጣ ይህ ሰው ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው በግማሽ ፍሬን፣ እሱም ቁልቁለት ላይ በሚግለው በኋላው ፍሬን ብቻ ነው። ስለ ፍሬኑ ሲጠይቁት «አብሽር፣ ጋሼ!» ሊልዎ ይችላል። አብሽር በወሎ ለኀዘንም፣ ለዕዳም፣ ለሕመምም የሚበቃ መልካም ቃል ነው፤ ለፍሬን ግን አይበቃም። «አብሽር» እያለ ሞተሩን ገፋ አድርጎ ፍሬኑን ይዞ የሚያሳይዎ ከሆነ ያኔ ቃሉም ይያዝለታል።

ስፖኪዮውን ከነጂው መቀመጫ ሆነው ይመልከቱበት፤ ከኋላ ያለውን መንገድ ሳይሆን የባለቤቱን ፊት የሚያሳይ ስፖኪዮ ብዙ ነው። ተለጣፊ ጽሑፍ፣ ዶቃ፣ የእግር ኳስ ቡድን ዓርማና የፕላስቲክ አበባ ስለ አነዳድ ምንም አይናገሩም፤ ይለፏቸው። ማርሚታውን ቆርጦ የሚያስጮኸውን ግን አልፈዋለሁ ብል እዋሻለሁ፤ ሌሊት የታመመ ልጅ ያስነሣብኝ ሰው ስለሆነ በእሱ ላይ ሚዛኔ የተስተካከለ አይደለም። ከመቀመጫው ሥር የካንዴላ ቁልፍ፣ ትርፍ ካንዴላና የካላማዳሪ መለጠፊያ የሚገኝለት ሰው፣ ከከተማ ወጥቶ ጎሚስታ በሌለበት ቦታ ቆሞ ያደረ ሰው ነው።

ዕቃ የማይናገረውን ደግሞ ፊቱ ይናገራል። ሌሊቱን ሲቅም አድሮ ዓይኑ የቀላ ሰው ምርጥ ሄልሜት ቢያጠልቅም አይከተሉት። ሰዓቱንም ያስሉ፦ በረመዳን ከማፍጠሪያ በፊት፣ በዐቢይ ጾም ደግሞ ከቅዳሴ መውጫ በኋላ ያለችው ጊዜ የተራበና የቸኮለ ሰው ሁሉ መንገድ ላይ የሚገኝባት ናት፤ የጾመው ነጂው ብቻ ሳይሆን እርስዎም ሊሆኑ ይችላሉ።

ይህን ሁሉ ካዩ በኋላ ፍርዱን ለሐረጎ የመጀመሪያ መታጠፊያ ያቆዩት። ከመታጠፊያው አስቀድሞ ማርሽ ቀንሶ ሞተሩ ራሱ ሲይዘው ድምፁ ከፍ ሲል ይሰማሉ፤ ነዳጅ ለመቆጠብ ሞተሩን አጥፍቶ በፍሪ፣ ማለትም ያለ ማርሽ፣ የሚለቀው ከሆነ ግን የጫማው ምልክትም የሄልሜቱ ማሰሪያም ተሽሯል። ተፈናጠው ከሆነ በአደባባይ አያዋርዱት፤ ትከሻውን መታ አድርገው ሞተሩን እንዲያስነሣ ይንገሩት፣ እንቢ ካለ ሜዳ ሲያገኙ ያስቁሙትና የተስማሙበትን ሒሳብ ሙሉውን ይክፈሉት፤ ከዚያም «እዚህ የምጠብቀው ሰው አለ» ብለው ወርደው የሚመጣውን ሚኒባስ ይጠብቁ።