የሚነፋው የብልት ኢምፕላንት ፓምፕ አልሠራ ሲል፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሔው

ይህ መመሪያ ብልትን የሚያቆመው ባለሦስት ክፍል ኢምፕላንት ለተተከለላቸው ነው፦ ብልት ውስጥ ሁለት ሲሊንደሮች፣ የቆለጥ ከረጢት ውስጥ ፓምፕ (ለመንፋት የምትጨመቅ ለስላሳ ኳስና የማስተንፈሻ ቁልፍ ያለው)፣ ሆድ ግርጌ የጨው ውሃ ማጠራቀሚያ። አነፋፉን ከሐኪም ጋር ተለማምደዋል ብለን እንነሳለን። ቀዶ ሕክምናው ስድስት ሳምንት ካልሞላው ግን ከዚህ በታች ያለውን አይሞክሩ፤ ለቀዶ ሐኪሙ ይደውሉ።

ሌላም ማቆሚያ አለ። ትኩሳት፣ እየባሰ የሚሄድ ሕመም፣ መቅላት፣ መግል፣ ወይም ፓምፑ ከቆዳው ጋር ተጣብቆ አልንቀሳቀስ ካለ ጉዳዩ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። አይጨምቁት፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ። ከፋርማሲ ገዝተው የሚውጡት አንቲባዮቲክ ትኩሳቱን አብርዶ ያዘናጋል እንጂ ዕቃው ላይ የተለጠፈውን ባክቴሪያ አያጠፋም።

ኳሷ ደርቃለች፣ አልጨመቅ ብላለች

«ተበላሸ» ተብሎ ከሚመጣው ብዙው ይኸው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም የተበላሸ ነገር የለም።

የአሁኖቹ ኢምፕላንቶች በራሳቸው እንዳይሞሉ የሚያግድ መቆለፊያ ቫልቭ አላቸው። አንዳንዱ ፓምፑ ውስጥ፣ ሌላው ማጠራቀሚያው ላይ ነው። ፓምፑ ውስጥ ያለው ቫልቭ የሚከፈተው በመጀመሪያው ጭመቃ ሲሆን ያ ጭመቃ ፈጣንና ጠንካራ መሆን አለበት። ሰው ግን ያመኛል ብሎ በመፍራት ቀስ እያለ ይጫናል፤ ቫልቩም አይነሳም። ከዚያ «እንዳይፈነዳ» ብሎ ይበልጥ ይለሰልሳል። በጣት ጉልበት የሚፈነዳ ፓምፕ የለም። የሚያበላሸው በፒንሳ፣ በመቆንጠጫ ወይም በሌላ መሣሪያ መጭመቅ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት አለመጠቀም ነው። ባለቤቱ ውጭ አገር ሄዳ ግማሽ ዓመት ቆይታ ስትመለስ ፓምፑን የሚያስታውስ ሰው ጥቂት አይደለም። ለወራት ሳይነካ የቆየ ቫልቭ ይጣበቃል። ትዳርም ሆነ ጓደኛ ባይኖር ኢምፕላንቱን በየጊዜው ነፍቶ ማስተንፈስ የግድ ነው፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ጊዜም ጉልበትም አይወስድም።

የሚደረገው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ለ10 ወይም 15 ደቂቃ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ይቀመጡ፤ ከረጢቱ ሲፍታታ ፓምፑ ወደ ታች ይወርዳል። በብርድና በችኮላ የሚሞክር ሰው ፓምፑ እየሸሸ ያስቸግረዋል። በአንድ እጅ ከፓምፑ በላይ ያሉትን ቱቦዎች ይዘው ዕቃውን ያርጉት። በሌላው እጅ የማስተንፈሻውን ቁልፍ ፈልገው ለአራት አምስት ሴኮንድ አጥብቀው ይጫኑና ይልቀቁ፤ ይህ ቫልቩን ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ከዚያ ኳሷን በአውራ ጣትና በሁለት ጣቶች መሐል ይያዙና በአንድ ምት፣ ፈጠን ብለው፣ እስከ መጨረሻው ይጭመቋት። ቫልቩ ሲነሳ ጣትዎ ላይ ጠቅ ሲል ይሰማዎታል። ቀጣዮቹ ጭመቃዎች ይቀላሉ። በየጭመቃው መሐል ኳሷ እስክትሞላ ይጠብቁ። እንደ ሲሊንደሩ መጠን 10፣ 15፣ አንዳንዴም 20 ጭመቃ ያስፈልጋል።

እምቢ ካለ ፓምፑን ሩብ ዙር አዙረው በሌላው ጎን ይጭመቁት። ሦስት ጊዜ ተሞክሮ ካልሆነ ለነገ ይተዉት። በአንድ ቁጭታ አርባ ጊዜ የታገለ ሰው የሚያተርፈው ያበጠ ከረጢት ነው፤ በማግስቱ ደግሞ በእብጠቱ ምክንያት ቁልፉን ጭራሽ ያጣዋል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ጣትዎ የት እንዳለ ያረጋግጡ። ለስላሳዋ ኳስ ከታች ናት፤ ጠንከር ያለው ቁልፍ ያለበት ክፍል ከላይ፣ ከቱቦዎቹ አጠገብ ነው። ጠንካራውን ክፍል እየጫኑ «አልነፋ አለኝ» የሚሉ ብዙ ናቸው፤ እያስተነፈሱ እንዴት ይነፋል? የገዛ ቆለጡን የሚጨምቅም አለ፤ እሱን እንኳ ሕመሙ ቶሎ ያርመዋል።

ኳሷ ተጨምቃ እንደ ጠፈጠፈች ቀረች

ውስጧ ክፍተት ተፈጥሮ ግድግዳዋ ተጣብቋል። የጎደጎደውን ቦታ ሳይሆን ጠርዞቹን በሁለት ጣት ጫን ጫን ያድርጉ፤ ቁልፉንም ለጥቂት ሴኮንድ ይጫኑ። ቀስ ብላ ከሞላች ችግሩ አልቋል። ካልሞላች ሁለት ነገር ይጠረጠራል፦ ቱቦው ተጣጥፏል፣ ወይም ማጠራቀሚያው ውስጥ ውሃ የለም።

ኳሷ ትጨመቃለች፣ ትሞላለች፣ ብልት ግን አይቆምም

ቀደም ሲል በ12 ጭመቃ ይቆም የነበረው አሁን በ25ም ከላላ፣ ወይም ከሳምንት ሳምንት እየደከመ ከመጣ፣ ፍሳሽ አለ ማለት ይቻላል። የሚፈሰው ያው የጨው ውሃ (ኖርማል ሳላይን) ስለሆነ ሰውነት ይመጠዋል፤ ጉዳት የለውም፣ ሕመምም አይኖረውም። ፍሳሹ ብዙ ጊዜ ቱቦው ከሲሊንደሩ በሚወጣበት ወይም ቱቦዎች በሚጋጠሙበት ቦታ ነው። ቤት ውስጥ የሚደረግ ጥገና የለውም። ማጠራቀሚያው ባዶ መሆኑ በአልትራሳውንድ ወይም በሲቲ ስካን ይታያል። መፍትሔው ቀዶ ሕክምና ነው፤ ዕቃው ዓመታት ያገለገለ ከሆነ አብዛኞቹ ቀዶ ሐኪሞች አንዱን ክፍል ከመጠገን ሙሉውን መለወጥ ይመርጣሉ፤ ልክ ናቸውም። ያረጀውን ሲሊንደር ትቶ ፓምፕ ብቻ መቀየር በቅርቡ ሌላ ቀዶ ሕክምና መቀጠር ነው።

አልተነፍስ አለ

ስለ ሞዴሉ የሚጠየቀው እዚህ ላይ ነው። በኤኤምኤስ 700 ኤምኤስ ፓምፕ ቁልፉ ከሁለት እስከ አራት ሴኮንድ ተይዞ ይለቀቃል። በታይታን ተች ሁለቱን ጎኖች ለአንድ ሁለት ሴኮንድ ተጭኖ መልቀቅ ይበቃል። በድሮዎቹ ፓምፖች ግን ብልቱ እስኪለሰልስ ድረስ ቁልፉ ሳይለቀቅ መያዝ አለበት። የአንዱን መመሪያ በሌላው ላይ የሚሞክር ሰው ሲለፋ ይውላል፤ ስለዚህ ሞዴሉ የተጻፈበትን የኢምፕላንት ካርድዎን ያግኙ። ውጭ አገር የሚኖሩ ከሆነ ለዕረፍት ወደ ኢትዮጵያ ሲመጡም ካርዱን ይዘው ይምጡ፤ ሞዴሉን ያላወቀ ሐኪም በግምት ነው የሚሠራው።

ቁልፉ ከተጫነ በኋላ ብልቱን ከጫፍ ወደ ግርጌ ጨምቀው ውሃውን ይመልሱት። ሳይጨምቁ የሚተዉ ሰዎች ግማሹ ሲሊንደሩ ውስጥ ይቀርና «አልተነፈሰም» ይላሉ።

ሳይነኩት በራሱ ይሞላል

ከባድ ዕቃ ሲያነሱ ወይም ሲያምጡ የሆድ ግፊት ማጠራቀሚያውን ይጫነዋል። በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚታየው ብዙ ጊዜ በማጠራቀሚያው ዙሪያ የተሠራው ጠባሳ ስለጠበበ ነው። በየቀኑ ሙሉ በሙሉ ያስተንፍሱት፤ በከፊል ተነፍቶ አይደር። በዚህ ካልተሻለ ጠባሳውን በቀዶ ማስፋት ይቻላል።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

ፓምፑ ወደ ላይ ሸሽቶ ብሽሽት አጠገብ ተሰቅሏል፦ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በሐኪም ትእዛዝ በየቀኑ ወደ ታች መሳብ ያግዛል፤ ከቆየ ቀዶ ይፈልጋል። ፓምፑ ዞሮ ቁልፉ ወደ ኋላ ሄዷል፦ በጣት ፈልገው ይልመዱት። የብልቱ ጫፍ ብቻ ይዘነበላል፦ የሲሊንደር መጠን ወይም አቀማመጥ ጉዳይ እንጂ የፓምፕ አይደለም። አንዱ ጎን ብቻ ይነፋል፦ ሐኪም ይየው። ብሽሽት ላይ እብጠት ወጣ፦ ማጠራቀሚያው ከቦታው ወጥቶ ሊሆን ይችላል፤ አይጫኑት።

ሌሎች እንዳያበላሹብዎት

ብልት ውስጥ የሚወጋ የማቆሚያ መድኃኒት ከእንግዲህ አይወጉም፤ መርፌው ሲሊንደሩን ይበሳዋል። ከረጢቱ ላይ እብጠት አየሁ ብሎ መርፌ ይዞ የሚመጣን ባለሙያ ፓምፕ እንዳለ ነግረው ያስቁሙት። ሲቲ ስካን ላይ ማጠራቀሚያውን እጢ ወይም የመግል ከረጢት ብሎ የሚያነብ አለ፤ ከምርመራው በፊት ይንገሩ። የሽንት ካቴተር (ሽንት ማስወጫ ቱቦ) ከመግባቱ በፊት ኢምፕላንቱ ፈጽሞ የተነፈሰ መሆን አለበት፤ ቀጭን ካቴተር ይመረጥ፣ እንደገባም በማይፈለግበት ሰዓት ይውጣ። እርስዎ ራስዎን ስተው ቢደርሱ ይህን የሚናገር ሰው ያስፈልጋል፤ ቢያንስ አንድ የቤተሰብ አባል ይወቅ።