ያላወቃችሁት ጥያቄ ሲመጣ፦ ሰዓት በሚቆጠርበት ፈተና ላይ እንዴት መላ እንደሚመታ

ዘንድሮ 12ኛ ክፍል የምትፈተን የጎረቤት ልጅ አለችን። ቅዳሜ ከሰዓት እዚሁ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ዛፍ ሥር ቁጭ ብለን የቆዩ ፈተናዎች እንሠራለን። አንድ ቀን “ጋሼ፣ ካላወቅኩት ዝም ብዬ ‘ሲ’ ልበል?” አለችኝ።

“ሲ” ውስጥ የተደበቀ ነገር የለም። ጥያቄዋ ግን ተገቢ ነው። እኔ መልሱን ያወቅኩት ከተፈተንኩ በኋላ ስለሆነ፣ እናንተ ቀድማችሁ እወቁት።

1. መመሪያውን አንብቡ። የምትፈልጉት አንድ ነገር ነው፦ ለስህተት ነጥብ ይቀነሳል ወይስ አይቀነስም? የማይቀነስ ከሆነ ባዶ መተው ኪሳራ ነው። አራት ምርጫ ያላቸውን 20 ጥያቄዎች ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ብትሞሉ በአማካይ 5 ታገኛላችሁ። ከተዋችኋቸው 0 ነው። ለአንድ ስህተት ሲሶ ነጥብ የሚቀነስ ቢሆን እንኳ፣ ከአራቱ አንዱን በእርግጠኝነት መጣል ከቻላችሁ መገመት ያዋጣል።

2. ሰዓቱን አካፍሉ። 60 ጥያቄ በ2 ሰዓት ከሆነ ለአንዱ 2 ደቂቃ ይደርሰዋል። እናንተ ግን አንድ ተኩል ብቻ ስጡት። ግማሽ ሰዓት ይተርፋችኋል። መላ የሚመታው በዚያች ግማሽ ሰዓት ነው።

3. በመጀመሪያው ዙር የምታውቁትን ብቻ ሥሩ። ያጠራጠራችሁን በጥያቄው ወረቀት ላይ በነጥብ፣ ጨርሶ የማታውቁትን በመስቀል ምልክት አድርጋችሁ እለፉ።

እኔን ጉድ የሠራኝ ይህ ማለፍ ነው። 23ኛውን ጥያቄ ዘለልኩ፤ መልስ መስጫው ላይ ግን ረድፉን አልዘለልኩም። የ24ን መልስ 23 ላይ፣ የ25ን 24 ላይ እያጠቆርኩ ቀጠልኩ። የባነንኩት 41 ላይ ስደርስ ነው። ላጲሴ ደግሞ ያ ቀዩ ደረቅ ላጲስ ነበር። ሁለት ሦስቴ ስፈትገው ወረቀቱ ተቀደደ። ፈታኙ ሌላ ወረቀት ሰጡኝ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ከመጀመሪያው ገለበጥኩ። የመጨረሻዎቹን አሥር ጥያቄዎች ሳላነባቸው ተደወለ። ማታ እናቴ “እንዴት ነበር?” ስትለኝ “ደህና” ብዬ ተኛሁ።

ስለዚህ ነጩን ለስላሳ ላጲስ ግዙ። በየአሥሩ ጥያቄ የጥያቄውን ቁጥርና የረድፉን ቁጥር አስተያዩ። በኮምፒውተር የምትፈተኑ ከሆነ ይህ ጣጣ አይደርስባችሁም።

4. አስወግዱ። ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህን አትርሱ። መልሱን ከመፈለግ ይልቅ መልስ ሊሆን የማይችለውን ፈልጉ። ለልጅቷ ያወጣሁላት ጥያቄ ይኸው፦ ጣና ሐይቅ ከባሕር ጠለል በላይ በግምት ስንት ሜትር ላይ ይገኛል? ኤ. 180፣ ቢ. 1,800፣ ሲ. 3,400፣ ዲ. 4,800።

ቁጥሩን በቃሏ አልያዘችውም። “እሺ፣ የትኛው አይሆንም?” አልኳት። 4,800ን ወዲያው ጣለችው፤ ራስ ዳሸን እንኳ እዚያ አይደርስም። 180 ላይ ትንሽ ቆየች። ዓባይ ከጣና ወጥቶ ወደ ሱዳን ይወርዳል። ካርቱም ራሷ 380 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጣና 180 ላይ ቢሆን ዓባይ ሽቅብ ሊፈስ ነው! ሳቀችና ሰረዘችው። 3,400 ቀረ። ጣቴን እዚያው ሐይቁ ዳር ወዳለው ዘጌ ቀሰርኩ። “እዚያ ምን ይበቅላል?” “ቡና።” ቡና ደግሞ 3,400 ሜትር ላይ፣ ውርጭ አገር አይበቅልም። 1,800 ብቻውን ቀረ።

ሂሳብ ላይ ደግሞ ምርጫዎቹን መልሳችሁ ጥያቄው ውስጥ ክተቷቸው። አንድ ቁጥር በራሱ ተባዝቶ የቁጥሩ አምስት እጥፍ ቢቀነስለት 24 ይቀራል። ምርጫዎቹ 3፣ 6፣ 8 እና 12 ናቸው። ከመሃል ጀምሩ። 6 ሲሞከር 36 ሲቀነስ 30፣ 6 ይሆናል። አነሰ። ወደ 8 ውጡ፦ 64 ሲቀነስ 40፣ 24። አለቀ፤ ቀመር አላስፈለገም።

ሌሎቹ ዘዴዎች ያን ያህል አይታመኑም። “ሁልጊዜ”፣ “በፍጹም”፣ “ብቻ” የሚል ምርጫ ብዙ ጊዜ ስህተት ነው ይባላል። ለባዮሎጂና ለታሪክ ይሠራል፤ ፊዚክስ ላይ ግን ሕጉ ራሱ “ሁልጊዜ” ስለሚል ጉድ ይሠራችኋል። አንድ መልስ ብቻ በሚፈለግበት ጥያቄ ሁለት ምርጫዎች በተለያየ ቃል አንድ ነገር ካሉ ሁለቱንም ጣሉ። “ረጅሙ ምርጫ መልስ ነው” የሚለውን ጥያቄ አውጪዎቹም ሰምተውታል። በቴሌግራም የሚዞሩትን “የፈተና ሚስጥር” ፋይሎች ለማንበብ ያጠፋሁትን ጊዜ ሳስበው አሁንም ይቆጨኛል።

5 እና 6. ሁለት ሲቀሩ ምረጡና እለፉ። አንድ ለሁለት ዕድል ላይ አምስት ደቂቃ ማፍጠጥ አያዋጣም። “የመጀመሪያውን መልስ አትቀይር” የሚሉትንም አትስሙ። የተቀየሩ መልሶች በተቆጠሩባቸው ጥናቶች አብዛኛው ለውጥ ከስህተት ወደ ልክ ነው። ምክንያት ካገኛችሁ ቀይሩ። ስለፈራችሁ ብቻ ግን አትቀይሩ። መጨረሻ አምስት ደቂቃ ሲቀር መስቀል ያደረጋችሁባቸውን በሙሉ በአንድ ፊደል ሙሏቸው። ቢቀያየርም ባይቀያየርም አማካዩ ያው ነው፤ አንድ ፊደል ግን ፈጣን ነው። “ሲ” ከፈለጋችሁ “ሲ” ይሁን።

ይህን ሁሉ ፈተናው ቀን አትጀምሩት። ቤት ስትለማመዱ የገመታችሁትን ሁሉ ምልክት አድርጉና በየትምህርቱ ለይታችሁ ቁጠሩ። ሁለት ቀርተውላችሁ ከገመታችኋቸው ውስጥ ያገኛችሁት በተደጋጋሚ ከግማሽ በታች ከሆነ፣ ትክክለኛውን መልስ ራሳችሁ እየጣላችሁት ነው። ልጅቷ ጂኦግራፊ ላይ ከ20 ግምት 13 አገኘች። ኬሚስትሪ ላይ ከ11 ሦስት። ያን ቅዳሜ የቆዩ ፈተናዎቹን አጥፈን የኬሚስትሪ መጽሐፏን ከምዕራፍ አንድ ጀመርን።