ማኅተሙ የማን መሳቢያ ውስጥ ነው? የምሁራን ማኅበር ስናስተዳድር የምንደጋግማቸው ስህተቶች

ባለፈው ወር አንድ ወጣት መምህር ቢሮዬ መጣ። የሙያ ማኅበሩ ጸሐፊ ሆኖ ከተመረጠ ሁለት ወር አልሞላውም። በእጁ ፌስታል አንጠልጥሏል፤ ማኅበሩ ያለው ሰነድ በሙሉ እዚያ ውስጥ ነው፦ ሁለት የደረሰኝ ጥራዝ፣ ቀለሙ የደበዘዘ ቃለ ጉባኤ፣ አንድ ፍላሽ። «ዶክተር፣ ባንክ ሄደን ሒሳቡን ማንቀሳቀስ አትችሉም ተባልን» አለኝ። ቀሪውን ሳይነግረኝ ገባኝ። ሐዋሳ ውስጥ በአንድ የሳይንስ ሙያ ማኅበር በገንዘብ ያዥነትና በጸሐፊነት አሥራ አንድ ዓመት አገልግያለሁ። ይህንኑ ታሪክ ከሌሎች ማኅበራት ሰዎች ደጋግሜ ሰምቻለሁ፤ አንዴ ደግሞ በራሴ ደርሶብኛል። ስለዚህ ከእሱ ልጀምር።

ሁለት ፈራሚ ብቻ ማስመዝገብ

የማኅበሮቻችን ፈራሚዎች መምህራን ናቸው፤ መምህር ደግሞ አንድ ቦታ አይቀመጥም። ለሦስተኛ ዲግሪ ይሄዳል፣ ለምርምር ውጭ አገር ይከርማል፣ ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ይዛወራል። ይህን እያወቅን ሊቀ መንበሩንና ገንዘብ ያዡን ብቻ በፈራሚነት አስመዝግበን፣ ማኅተሙንም ለአንዱ ሰጥተን፣ እፎይ ብለን እንቀመጣለን።

ገንዘብ ያዥ በነበርኩበት ዘመን ሊቀ መንበራችን ለትምህርት ውጭ ወጣ። ሸኘነው፣ መረቅነው፤ ስለ ፊርማው ግን ማናችንም አላነሳንም። ዓመታዊው ጉባኤ አምስት ሳምንት ሲቀረው ለአዳራሹ ቅድመ ክፍያ ላወጣ ባንክ ሄድኩ። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ የፊርማ ናሙናውን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችልኝ። ሁለት ፊርማ አለ፤ አንዱ የኔ ነው። «ዶክተር፣ የሁለታችሁም ፊርማ ያስፈልጋል። ካልሆነ ፈራሚ የተቀየረበትን የጠቅላላ ጉባኤ ቃለ ጉባኤ ማኅተም አድርጋችሁ አምጡልን» አለችኝ። ልክ ነበረች። ግን ጠቅላላ ጉባኤ ለመጥራት ገንዘብ ያስፈልጋል፣ ገንዘቡ ተቆልፏል። ማኅተሙ ሊቀ መንበሩ መሳቢያ ውስጥ ነው፣ የመሳቢያው ቁልፍ ደግሞ ከእሱ ጋር ባሕር ተሻግሯል። መሳቢያው በኮሚቴ እስኪከፈት፣ ምልዓተ ጉባኤ እስኪሟላ አምስት ወር አለፈ። ቃለ ጉባኤውም ሲደርስ አንድ ጊዜ ተመለሰ፤ የአዲሱ ፈራሚ ስም መታወቂያው ላይ «ኃይሉ»፣ ቃለ ጉባኤው ላይ «ሀይሉ» ተብሎ ስለተጻፈ። ጉባኤው ተራዘመ። ከጎንደርና ከጅማ በራሳቸው ገንዘብ ትኬት የቆረጡ ወጣት ተመራማሪዎች ከሰሩ። የእነሱን ነገር ሳስብ እስከ ዛሬ አፍራለሁ፤ አንድ ከሰዓት ሙሉ ባንክ ውዬ ልከላከለው የምችለው ጉዳት ነበርና።

ስለዚህ አራት ፈራሚ አስመዝግቡ፤ ከአራቱ ማንኛቸውም ሁለቱ ሲፈርሙ ገንዘብ ይውጣ። አራቱም ከአንድ ትምህርት ክፍል አይሁኑ፣ አብረው የሚሄዱበት አጋጣሚ ብዙ ነው። ምርጫ በተደረገ ሳምንት ቃለ ጉባኤው ለባንኩም፣ ማኅበራትን ለሚመዘግበው ለሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣንም ይድረስ፤ ስሞቹ በመታወቂያ ላይ እንዳሉት፣ ፊደል ሳይለወጥ ይጻፉ። ለትምህርት የሚሄድ ሰው ከመሳፈሩ በፊት በዝርዝር ያስረክብ፦ ማኅተም፣ ያልተቆረጠ ደረሰኝ ከቁጥሩ ጋር፣ የኢሜይልና የድረ ገጽ የይለፍ ቃል፣ ያልተወራረደ ገንዘብ። ተረካቢው ቆጥሮ ይፈርም። «እሱማ ታማኝ ሰው ነው» የሚል መልስ አልቀበልም። ስለ ታማኝነት አላወራሁም፤ ታማኙ ሰው አውሮፕላን ላይ ሲወጣ የማኅበሩ ገንዘብ እንዳይቆለፍ ነው የምለው።

መዋጮን በግል ስልክ መሰብሰብ

ቴሌብር በ2013 ከመጣ ወዲህ ይህ በሽታ ሆኗል። የጉባኤ መመዝገቢያ ክፍያ «ለጊዜው» በገንዘብ ያዡ ቁጥር ይሰበሰባል። የቤት ኪራይ፣ የልጅ ትምህርት ቤትና የማኅበር መዋጮ አንድ ላይ ይቀላቀላሉ፤ ከሦስት ወር በኋላ የትኛው የማን እንደሆነ ገንዘብ ያዡ ራሱ አያውቅም። አንድም ሳንቲም ያልነካ ሰው በጠቅላላ ጉባኤ ፊት ስሙ ሲጎድፍ አይቻለሁ፤ ማስረጃው የስልክ ስክሪን ፎቶ ብቻ ነበርና ራሱን መከላከል አልቻለም። ክፍያው በማኅበሩ ስም ወደተከፈተ ሒሳብ ይግባ፣ በዕለቱም ደረሰኝ ይቆረጥ።

ቀን አለማመሳከር

በሁለት የዘመን አቆጣጠር የምንሠራ ሰዎች ነን፤ ይህ ለእኛ ቀላል የሚመስል ግን ውድ ስህተት ነው። በ2015 ጳጉሜን 6 ቀን ስለነበረች የ2016 መስከረም 1 በሴፕቴምበር 12 ዋለ። በዚያ ዓመት አዳራሹን የያዘው ሰው ኅዳር 20ን እንደ ወትሮው ኖቬምበር 29 ብሎ ጻፈ፤ እውነተኛው 30 ነበር። አዳራሹ አንድ ቀን ቀድሞ ተዘጋጅቶ ጠበቀን፣ እኛ በማግስቱ ስንመጣ ሠርግ ገብቶበታል። በ2019ም ጳጉሜን 6 ትሆናለች፤ የ2020 ጉባኤ የምታዘጋጁ ከአሁኑ ልብ በሉ። ደብዳቤ ላይ ሁለቱንም ቀንና የሳምንቱን ዕለት ጻፉ። ዕለቱ ስህተቱን ያጋልጣል።

ሐዋሳ ጉባኤ ለምታደርጉ ደግሞ፦ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ለገብርኤል በዓል ከተማዋ በእንግዳ ትሞላለች፣ አልጋ በዋዜማው አይገኝም። ፍቼ ጨምበላላም አለ። በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገበው ይህ የሲዳማ ዘመን መለወጫ ቋሚ ቀን የለውም፤ አያንቶ የሚባሉት የሲዳማ የከዋክብት አዋቂዎች ሰማዩን ተመልክተው ነው የሚወስኑት። ለአንድ ዓመት የሚሆን ቀን ስትቆርጡ የሲዳማ ሽማግሌ ወይም የሲዳማ ባልደረባ አማክሩ። በዓሉ የሚከበርበት የጉዱማሌ ሜዳ ሞልቶ ከተማው ሲጨፍር እናንተ አዳራሽ ውስጥ በራችሁን ዘግታችሁ ፓወር ፖይንት ማሳየት ለበዓሉም ለጉባኤውም ጥሩ አይደለም።

የሆቴል ፕሮፎርማን ላይ ላዩን ማንበብ

በነፍስ ወከፍ 1,000 ብር ተብሎ ሲጻፍላችሁ «አገልግሎትና ቫት ይጨምራል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። 10 በመቶ አገልግሎት ሲጨመር 1,100፣ በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት ሲታሰብ 1,265 ይሆናል። ለ150 ሰው ልዩነቱ ወደ 40,000 ብር ነው።

ግብርን የሌላ ሰው ጉዳይ ማድረግ

«እኛ ለትርፍ አልተቋቋምንም» የሚለው አባባል ለብዙዎች መደበቂያ ሆኗል። ለትርፍ አለመቋቋም ከአቅራቢ ክፍያ ላይ ግብር ቀንሶ ከማስቀረት ነጻ አያደርግም። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ሲወጣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ከማያቀርብ ሻጭ ላይ 30 በመቶ እንዲቀነስ ደንግጎ ነበር። እኔ ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። የጉባኤ ቦርሳ ለሰፋልን ሰው ቁጥሩን ሳልጠይቅ ሙሉውን ከፈልኩ፤ ኦዲተሩ ሲመጣ ያልቀነስነው ገንዘብ ዕዳነቱ ወደ ማኅበሩ ዞረ። ሰውየውን ፈልጌ አላገኘሁትም። መቶኛውና የገንዘብ መጠኑ በየጊዜው ስለሚሻሻል በየዓመቱ መጀመሪያ ግብር ቢሮ ሄዳችሁ ጠይቁ።

የምርምር መጽሔቱን ያለ በጀት መተው

መጽሔት ለማኅበሩ ክብሩ ነው፤ ግን በአንድ አዘጋጅ ጫንቃ ላይ ብቻ ይጣላል። የድረ ገጹ ክፍያ በውጭ ምንዛሬ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የምንዛሬ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በብር የያዝነው በጀት የክፍያውን ግማሽ ያህል ብቻ ሸፈነ፤ ድረ ገጹ ለሦስት ሳምንት ጠፋ። የደረጃ ዕድገት ማመልከቻ ያስገቡ ባልደረቦች የጽሑፋቸው አድራሻ አልከፍት እያለ ተጨነቁ። የድረ ገጹን ስም በአንድ ዓመት ሳይሆን አቅም በፈቀደ መጠን ለብዙ ዓመት አድሱ፤ የሚታደስበትን ቀን ከአንድ ሰው በላይ ይወቀው። ለጽሑፎች ቋሚ መለያ (DOI) የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ድርጅት ክሮስሬፍ ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኢትዮጵያን ጨምሮ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አገሮች የአባልነት ክፍያ አያስከፍልም። ይህን ሳያውቁ ዛሬም በጀት የሚፈልጉለት መጽሔቶች አሉና ወሬውን አድርሱልኝ።

የማይከፍሉ አባላትን መቁጠር

መዝገብ ላይ 400 ስም፣ መዋጮ የከፈለው 60። ከዚያ ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም ብሎ ማዘን። ደንባችሁ ድምፅ የሚሰጠው መዋጮውን የከፈለ አባል መሆኑን በግልጽ ይናገር፣ መዝገቡም በየዓመቱ ይጣራ።

ሪፖርትን ለመስከረም ማሳደር

የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የበጀት ዓመቱ ባለቀ በሦስት ወር ውስጥ የሥራና የሒሳብ ሪፖርት ይፈልጋል። ሰኔ 30 ለሚዘጋ ማኅበር ያ ክረምቱ ማለት ነው፤ መምህሩ አገር ቤት ሄዷል፣ ኦዲተሩ በሥራ ተጨናንቋል። ግንቦት ላይ ኦዲተር ያዙ፣ ያልተወራረደ ገንዘብ ሰኔ 15 ላይ ይዘጋ።

ያን ወጣት ማኅተሙ የት እንዳለ ጠየቅሁት። የቀድሞዋ ሊቀ መንበር ጋ ነው አለ፤ እሷ ደግሞ ከመጋቢት ጀምሮ አገር ውስጥ የለችም። እዚያው ሆነን ደወልንላት። ቁልፉ እህቷ ዘንድ፣ ይርጋለም እንዳለ ነገረችን። በማግስቱ ጠዋት በሚኒባስ ሄዶ አመጣው፤ ከሰዓት በኋላ የአስቸኳይ ጠቅላላ ጉባኤውን የጥሪ ደብዳቤ አብረን ጻፍን።